የመድረክ ማስታወሻ፦ ሮክ፣ አቡጀዲና እዩኝ ባይነት በጎንደር

ኅዳር 10

ይህ የአንድ የጎንደር ሮክ ባንድ የኮንሰርት ዝግጅት ማስታወሻ ነው። የባንዱን ስም አልጽፈውም። ስሙን ከጻፍኩት ማስታወሻው ማስታወቂያ ይሆናል። በማስታወቂያ ጉዳይ ደግሞ ገና ብዙ መጨቃጨቃችን አይቀርም።

እኔ ጊታር አልመታም፣ አልዘፍንም። የእኔ ድርሻ ስክሪኑ፣ ፕሮጀክተሩና ገመዱ ነው። «አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ?» ተብዬ ፖስተሩም፣ ቴሌግራሙም፣ ቲክቶኩም እኔው ላይ ተጭኗል።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ባንዱ መጀመሪያ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ይጫወታል። ቀጥሎ ማራኪ፣ ከዚያ አዘዞ። ከተሳካልን ባሕር ዳር ድረስ እንሄዳለን። ልጆቹ «ቱር» ይሉታል። ከፒያሳ አዘዞ ያለውን መንገድ ቱር ማለት ትንሽ ያስቃል። ድራም፣ ሞንታርቦና ጀነሬተር ጭኖ ለሚሄድ ሰው ግን አዘዞም ሩቅ አገር ነው።

ከተለመደው ኮንሰርት የሚለየው ምስሉ ነው። ከባንዱ ጀርባ ትልቅ ስክሪን ይኖራል። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ምስል አለው፤ ምስሉም ከምቱ ጋር እኩል ይሄዳል።

ቀን ለመቁረጥ ካላንደር ፊት ተጎልተን አመሸን። እዚህ ከተማ ኮንሰርት የሚቀጠረው ጾሙ ታይቶ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ገና አይታሰብም። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርግ ነው። በጥር ኪቦርዲስታችንን ከየድንኳኑ ለቅሞ ማምጣት ሊያስፈልግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይመጣል። የቀረችን ክፍተት የጥር ማለቂያ ብቻ ናት። እሷን ያዝን።

ኅዳር 14

ልምምዳችን በኪራይ ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አከራያችን እማማ ዛሬ በር ላይ ቆመው ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ልጆቼ፣ ነገ ጾም ይገባል። ጎረቤት የሚያማው እናንተን አይደለም፣ እኔን ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ስለዚህ ተስማማን። ጾሙ እስኪፈታ ድራመሩ ከበሮዎቹን ብርድ ልብስ ያለብሳቸዋል፤ ጊታሮቹ በሄድፎን ይሠራሉ። እማማ መርቀውን ገቡ።

ሄድፎኑ ያልጠበቅነውን ነገር አሳየን። ዲስቶርሽን፣ ያ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው፣ በትልቅ ሞንታርቦ ሲለቀቅ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በሄድፎን ግን ማን እንደሚቸኩል፣ ማን እንደሚጎተት ይሰማል። ቤዚስቱ ፈጣን ዘፈን ላይ ቀድሞ ይሮጣል። እሱ ደግሞ ድራመሩ ነው የሚዘገየው ይላል።

ኅዳር 22

ስክሪኑ ተሰፋ። የሚከራይ ስክሪን ጠይቄ ዋጋውን ስሰማ በቀጥታ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አቡጀዲ ገዛሁ። ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ገጥሞ 4 ሜትር በ2 ሜትር ከ25 አድርጎ ሰፋልኝ። ላይና ታች ቧንቧ የሚገባበት እጥፋት አለው። የታችኛው ቧንቧ በክብደቱ ጨርቁን ይወጥረዋል። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ደርበናል፤ አቡጀዲ ስስ ስለሆነ ካልተደረበ ብርሃኑ በስተኋላ ያልፋል።

ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው፤ የብርሃኑ መጠን 4000 ሉመን። ስክሪኑ 9 ካሬ ሜትር ነው። 4000 ለ9 ሲካፈል በካሬ ሜትር 440 ሉመን ገደማ ይደርሰዋል፤ ባለሙያዎቹ 440 ሉክስ ይሉታል። ለጨለማ አዳራሽ ከበቂ በላይ ነው። ጊታሪስቱ «8 ሜትር እናድርገው፣ ይግዘፍ» አለ። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ከፍታውም እጥፍ ይሆናል፣ ብርሃኑ ደግሞ ሩብ ይቀራል። 110 ሉክስ። የመድረክ መብራት ሲበራበት ምስሉ ይጠፋል። በ4 ሜትር ጸናሁ። የፕሮጀክተራችን ሌንስ የምስሉን ስፋት አንድ ከግማሽ እጥፍ ርቀት ስለሚፈልግ፣ ለ4 ሜትር ስፋት 6 ሜትር መራቅ አለበት። አዳራሹ ይበቃል።

ቤዚስቱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ለምን የፋሲል ግንብ ላይ አናበራውም?» አለ። ሐሳቡ ያምራል። ግንቡ ግን ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያለ የሁሉም ንብረት ነው። ተነሥተን «የእኛ ስክሪን ነው» የምንለው አይደለም። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ሂሳቡ እምቢ ይላል። 20 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ምስል 300 ካሬ ሜትር ነው። 4000 ለ300 ስናካፍለው 13 ሉክስ ብቻ። ከመንገድ መብራት ብዙም አይሻልም። ቤዚስቱ አኮረፈ፤ ማታ ላይ ተወው።

ትልቁ ራስ ምታት የቀን ብርሃን ነው። ታዳሚው በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ ከ11 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። አዳራሹ ደግሞ በሁለት በኩል መስኮት ነው። ጥቁር ላስቲክ በጥቅል መግዛት አለብን።

ታኅሣሥ 1

ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነበር።

አንድ መምህር ወዳጃችን የድሮ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር አዋሰን። በላስቲክ ላይ በማርከር ተጽፎ ትምህርት የሚሰጥበት ዓይነት ነው። የመስታወት ሳህን አስቀመጥንበት፣ ውኃ ላይ የምግብ ቀለም ጠብ አደረግን፣ ከዚያ ዘይት። ሳህኑን በጣት ነካ ሲያደርጉት ግድግዳው ላይ ቀይና ሰማያዊ አረፋ ይተነፍሳል። ኪቦርዲስቱ ሥራውን ትቶ ሲያይ ዋለ።

ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የሮክ መድረኮች በዚህ ዘዴ ነበር የሚደምቁት። ኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት በተባለው ቤት ከሙዚቀኞቹ ኋላ ቀለምና ዘይት የሚያጫውቱ ባለሙያዎች ነበሩ። ከዚያም በፊት በ1966 አንዲ ዋርሆል ቬልቬት አንደርግራውንድ የተባለውን ባንድ መድረክ ላይ አቁሞ፣ ፊልም ልጆቹ ገላ ላይ ያበራ ነበር። ኮምፒውተር የለ፣ ሶፍትዌር የለ።

እኔ የወደድኩበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ዘይቱ የማንንም ፊት አያሳይም። በየምቱ ልክ በእጅ ይሠራል፤ ያጠፋም ሰው አይታወቅበትም። ለሦስት ዘፈኖች መደብኩት። በቲክቶክ ላይ አጭር ቪዲዮ ስለጥፍ «ምን ዓይነት ዘይት ነው?» የሚል ጥያቄ ጎረፈ። ስለ ባንዱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ድራመሩ ይህን አይቶ ዝም አለ። ዝምታው አልጣመኝም።

ታኅሣሥ 8

ፈራሁት፣ ደረሰ። ዛሬ ተጣላን። ጸቡ በሙዚቃው አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ምን ይውጣ በሚለው ነው።

ድራመሩ የባንዱ ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥጉ ላይ እንዲታይ ይፈልጋል። በየዘፈኑ መሀል የእያንዳንዳቸው ፎቶ፣ ሎጎው ሲሽከረከር፣ የቴሌግራም አድራሻ። «ካልታየን ማን ያውቀናል? ሰው ዘይት እያየ ይሄዳል» አለ። ዘፋኟ ተቃራኒው ናት። ፊቷ እንዲወጣ አትፈልግም። «እኔ ቆሜ እያዩኝ ከኋላዬ ደግሞ እኔ ምን ልሠራ? እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» አለች። ተረቱ ቤቱን ጸጥ አደረገው። ድራመሩ ግን ለተረት የሚሸነፍ ሰው አይደለም።

እሱም እውነት አለው። ሮክ የሚጫወት የክፍለ ሀገር ባንድ ስለ ራሱ ካልተናገረ ማንም አይናገርለትም። ጃኖ ባንድ ሮክን በአማርኛ አሰምቶ መንገድ ከፍቷል። ጃኖ ግን አዲስ አበባ ነው፤ አልበሙንም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። እኛ ያለን የእማማ ጓሮ ነው።

ክርክሩን ለማብረድ የዩቱን (U2) ነገር አነሣሁ። የአየርላንዱ ባንድ በ1992 እና በ1993 «ዙ ቲቪ» ብሎ ዓለምን ዞረ። መድረኩ የቴሌቪዥን ክምር ነበር። የምሥራቅ ጀርመን ትራባንት መኪኖች ከላይ ተሰቅለው እንደ መብራት ያገለግሉ ነበር። ቃላት ተነብበው ሳያልቁ እየበረሩ ያልፋሉ። ዘፋኙ ቦኖ ከመድረክ ሆኖ ዋይት ሃውስ ስልክ ይደውል ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን ግን አላገናኙትም። ነገሩ ሁሉ በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ጋጋታ ላይ ማሾፍ ነበር። ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያን እያሾፉበት ራሳቸውን በደንብ አስተዋወቁ፤ ሰውም አልተቀየማቸውም። ለምን? ቲኬት ገዝቶ፣ በእግሩ ሄዶ ያየው ነገር ስለሆነ።

ይኸው ባንድ በመስከረም 2014፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አዲስ አልበሙን በአፕል በኩል ግማሽ ቢሊዮን ያህል ሰዎች አካውንት ውስጥ በነፃ ከተተ። ማንም ሳይጠይቅ። ነፃ ነገር ተሰጥቶ የተቆጣ ሕዝብ ያየሁት ያኔ ነው። አፕል አልበሙን መሰረዣ ልዩ ገጽ ለማዘጋጀት ተገደደ። ቦኖ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ምክንያቱን ሲዘረዝር ትንሽ ትዕቢት፣ ትንሽ ቸርነት፣ ትንሽ ራስን ማስተዋወቅ አለበት ብሎ፣ ከሥር ያለው ግን የደከምንባቸው ዘፈኖች ሳይሰሙ ይቀሩ ይሆን የሚል ፍርሃት እንደሆነ ተናገረ።

ይህን ስነግራቸው ድራመሩ «በቃ፣ የእኔም እሱ ነው» አለ። ፍርሃቱን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጸቡ በረደ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ራስን ማስተዋወቅ የምንለው ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል፤ መረጃና ሙገሳ። መቼ፣ የት፣ ስንት ብር፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ፣ እነማን ይጫወታሉ፤ ይህ መረጃ ነው። መናገሩም የእኛ ዕዳ ነው። ካልነገርነው ሰውን እናጉላላለን። «ምርጥ ነን» ግን ሙገሳ ነው። እሱን የሚሰጥ ካለ ሰሚው ይስጠው። መጽሐፈ ምሳሌም ሌላ ያመስግንህ እንጂ የገዛ አፍህ አይሁን ይላል።

ጊታሪስቱ ያዘኝ። «ፉከራስ? አያቶቻችን ዘራፍ እያሉ ራሳቸውን አልነበር የሚያወድሱት?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በፉከራ ሰው ራሱን ያወድሳል፤ በፈረሱ ስም ሳይቀር ይጠራል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ፤ ዛሬ የመድረክ ስም እንደምንለው መሆኑ ነው። ፎካሪ ግን የሚቆጥረው የሠራውን ነው፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው። ከዋሸ እዚያው ይሳቅበታል። እኛ ገና ምን ሠርተናል?

የተስማማነው ይህ ነው። የባንዱ ስም መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሁሉም ስም ይወጣል፤ ፕሮጀክተር ያዋሰው፣ አቡጀዲ የሰፋው፣ እማማም ጭምር። መሀል ላይ ምስሉ የከተማው ነው። ከፒያሳ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ጥግ፣ የቅዳሜ ገበያ በርበሬ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ኪቦርዲስቱ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ እነዚያን የመላእክት ፊቶች እናስገባ ብሎ ነበር። ዘፋኟ ሳትጨርሰው «አይሆንም» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሰው የሚጸልይበትን ጣሪያ ለጊታር ማጀቢያ አናደርገውም።

ታኅሣሥ 16

ዛሬ ጋሼ መጡ። ማሲንቆ ነው የሚጫወቱት፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዝማሪነት የኖሩ ናቸው። በሁለት ዘፈን አብረውን ይሆናሉ።

ጭንቀቱ ቅኝቱ ላይ ነበር። የሮክ ጊታር የሚወደው ፓወር ኮርድ ነው፤ አንድ ድምፅና አምስተኛው ብቻ። ዲስቶርሽን ሲገባ ሁለቱ ተስማምተው ይጮኻሉ። ሦስተኛ ድምፅ ሲጨመር ይደፈርሳል። በትዝታ ቅኝት ችግር የለም፤ አምስተኛው አለ። ጋሼ ግን አንቺሆዬ መረጡ። ከሲ ብንነሣ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው። ሲ ላይ ፓወር ኮርድ ለመሥራት ጂ ያስፈልጋል፤ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ጊታሪስቱ ሲታገል ቆየ። ከዚያ መላው ተገኘ። ኤፍ አምስተኛው ሲ ነው፣ አለ። ጂ ፍላትም አምስተኛው ዲ ፍላት ነው፣ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ያለ ምንም ጥበብ ሄቪ ሜታል ሆነ። ጋሼ ሳቁ። «ይኸማ የኛው ነው፣ ቁጣ ብቻ ጨመራችሁበት» አሉ።

ድምፁን መቅዳት ሌላ ሥራ ነው። የማሲንቆ ሆድ በቆዳ የተለበጠ ነው። ሞኒተሩ፣ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ሞንታርቦ፣ ሲጮህ ቆዳው ራሱ እንደ ማይክ ድምፁን ይቀበልና ፉጨት ይጀምራል። ትንሽ ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፅ መቀበያ፣ ከድልድዩ ሥር ለጠፍን፣ ሞኒተሩን ከፊታቸው አንሥተን ወደ ጎን አደረግን። ፉጨቱ ቀነሰ። ማስተካከያም አለ፤ ጋሼ የሚቃኙት በዘፋኟ ድምፅ እንጂ በቱነር አይደለም። ስለዚህ ኪቦርዱን ወደ እሳቸው አመጣነው። እሳቸውን ወደ ኪቦርዱ ማምጣት አልታሰበም።

ቡና ላይ የስክሪኑን ክርክር ነገርናቸው። «ልጄ፣ አዝማሪ ራሱን ካወደሰ ማን ይከፍለዋል?» አሉ ድራመሩን። ከዚያ ስለ «ተቀበል» አነሡ። አዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሙገሳውም ስድቡም ከታዳሚው ነው የሚመጣው። «እናንተስ ለምን አታደርጉትም?» አሉ።

ወዲያው ያዝነው። ሰው ግጥም ይሰጣል፣ ጋሼ ያዜማሉ፣ እኔ ከሥር እየጻፍኩ ስክሪኑ ላይ አወጣዋለሁ። የግእዝ ኪቦርድ ላይ ፍጥነቴን ማሳደግ አለብኝ።

ታኅሣሥ 25

ፖስተር። ድራመሩ ያመጣው ጽሑፍ «በጎንደር ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ታላቅ የሮክ ኮንሰርት» ይላል። ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 አካባቢ ከቆረቆሯት ወዲህ ምን ታይቶ ምን እንዳልታየ በምን እናውቃለን? ሰረዝኩት። የቀረው ይህ ነው፦ ሮክ በአማርኛ፣ ከማሲንቆና ከምስል ጋር። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት። መግቢያ 150 ብር። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ ሕፃናት ይዛችሁ አትምጡ።

ድራመሩ «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ማስታወቂያ ነው?» አለ። ዘፋኟ ግን «ድምፁ ከፍተኛ ነው» የምትለዋን ከሁሉ ወደደቻት።

ፎሎወር የሚሸጥ ልጅ መጥቶ ነበር። ከሌላ አካውንት ገብቶ «ዋው» እያሉ ኮሜንት የመስጠት ሐሳብም ተነሥቷል። ሁለቱንም ድራመሩ ራሱ ነው የገደላቸው። «የውሸት ሰው አዳራሽ አይሞላም» አለ። በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ ጠንካራ ነው።

ስፖንሰርም ሞክረናል። አንድ ድርጅት የጀነሬተሩን ነዳጅ እችላለሁ አለ። በምትኩ ሎጎው በየዘፈኑ መሀል ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ፣ ዘፋኟም ስሙን እንድትጠራ ጠየቀ። ፖስተር ላይና ከመጀመሩ በፊት እናወጣለን አልን። አልተስማሙም። ነዳጁ ከኪሳችን ነው።

ጥር 4

ጾሙ ወጥቷል። ብርድ ልብሱም ተነሣ። እማማ ወደ እህታቸው ቤት ሄደው ይውላሉ።

ምስሉን ከምቱ ጋር ማስኬድ ተሳካ። ላፕቶፑ በአንድ በኩል «ክሊክ»፣ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ፣ ወደ ድራመሩ ጆሮ ይልካል፣ በሌላ በኩል ምስሉን ይነዳል። ድራመሩ ክሊኩን ይከተላል፤ ሌሎቹ ድራመሩን። ፕሮጀክተሩ ምስሉን ትንሽ አዘግይቶ ስለሚያወጣ ምስሉን በዚያው ልክ ቀድሜ አስነሣዋለሁ። አሁን እጅ ስናጨበጭብና ስክሪኑ ላይ ነጭ ሲበራ እኩል ነው። በዘይቱ ዘፈኖች ክሊክ የለም፤ እጄ ነው።

መብራት። የጊታር አምፑ (ድምፅ ማጉያው) እና ላፕቶፑ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ያቺ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ትመጣለች። የተለመደው መድኃኒት የመሬት ሽቦውን ቆርጦ መጣል ነው። ይህን እኔ ባለሁበት ማንም አያደርገውም። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በ1972 ስዋንሲ ላይ መድረክ ላይ የሞተው መሬት ያልተያያዘ ማይክ ነክቶ ነው። ጊታር የያዘ እጅ የብረት ክር ይዟል፤ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ የኤሌክትሪኩ ዑደት ይሟላል። ሁሉንም የድምፅ ዕቃ ደህና መሬት ካለው አንድ መስመር አወጣናቸው። ጉርምርምታው ጠፋ ባይባልም ዘፈን ሲጀመር አይሰማም።

መብራት ቢሄድስ? ዩፒኤሱ፣ በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን፣ ለላፕቶፑና ለፕሮጀክተሩ ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ሳይሠራ ይቀራል፤ አምፖሉም ይጎዳል። እንደገና ለመብራትም ጊዜ ይወስዳል። ዩፒኤሱ ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል፤ እስከዚያ ጀነሬተሩ ይነሣል።

ጥር 14

በጥምቀት ሰሞን ከተማው ሙሉ እንግዳ ነበር። አንድ ወዳጃችን ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ በራሪ ወረቀት እንበትን ብሎ ነበር። ሰው ለታቦት በወጣበት ቀን የኮንሰርት ወረቀት አንበትንም አልን። ክርክርም አላስነሣ።

ዛሬ ግን ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከአራዳ እስከ ማራኪ ዞርን። አስተዋዋቂ ልጅ ቀጠርን። የሰጠነውን ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ እንደ ዕድር ለፋፊ አነበበው። ትንሽ ቆይቶ ሰለቸው መሰለኝ «ከዓለም ምርጥ ባንዶች አንዱ!» ማለት ጀመረ። ከኋላ ተቀምጬ ትከሻውን ነካሁት። «ወንድሜ፣ ጽሑፉን ብቻ» አልኩት። «ይኼማ ሰው አያመጣም» አለኝ። ቁም ነገር ያለው ሰው ነው፤ ሥራውን ያውቃል። ቢሆንም ጽሑፉን አነበበ፤ «ድምፁ ከፍተኛ ነው» የሚለውን ግን እየደጋገመ። ልጆች እየሳቁ ተከተሉን።

ጥር 25

ትናንት ተጫወትን። ሳልረሳው ልጻፍ።

መስኮቱን ከጠዋት ጀምረን በላስቲክ ዘጋን። በአንድ ጥግ ፀሐይ እየገባች ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ትሠራ ነበር፤ የቤዚስቱ ጃኬት ተሰቅሎባት ዋለ። አዳራሹ ሙሉ አልነበረም። ከግማሽ በላይ ነበር፤ ወንበሩ ከፊት ባዶ፣ ከኋላ ጭንቅንቅ። ጎንደሬ መጀመሪያ ከኋላ ሆኖ ነው የሚመዝነው።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ቀዝቃዛ ነበሩ። ምስሉ ሰርቷል፤ የቆርቆሮው ዝናብ ከስኔሩ ከበሮ ጋር እኩል ሲወርድ ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ። ዘይቱ ሲመጣ ስልክ ሁሉ ወጣ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ሞተ፣ ጊታሩ ሞተ። ስክሪኑ ግን በዩፒኤስ በርቶ ቀረ፤ ቀዩ አረፋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኦቨርሄዱ ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው ቀድሜ ቀርጬ በፕሮጀክተሩ የማሳየው ነው፣ እጄ ከልማድ ነው ሳህኑ ላይ የቀረው። ድራመሩ አልቆመም። ድራም መብራት አይፈልግም። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ብቻውን መታ፤ ሰው ማጨብጨብ የጀመረው ያኔ ነው። ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳያወጣ ሁሉም «ድራመሩ ማነው?» ሲል ነበር።

ከዚያ ጋሼ ወጡ። በአንቺሆዬው ከኋላ የነበረው ሰው ወደ ፊት መጣ። «ተቀበል» ሲጀመር ግን አዳራሹ የእነሱ ሆነ። መጀመሪያ የሙሽሪት ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ስለ ሠርግ ሰጠ። ሁለተኛዋ ተማሪ ናት፤ ጋሼን አወደሰች። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣

«ተቀበል!
መብራቱን አየሁት ግድግዳ ላይ ሲሮጥ፣
ጊታሩ ግን ዋለ ጆሮዬን ሲቆርጥ።»

ጋሼ ወደ እኛ ዞር ብለው አዩና ሳይቀንሱ አዜሙት። እኔም ሳልቀንስ ጻፍኩት። በትልቁ ወጣ። አዳራሹ ሲፈነዳ ጊታሪስቱ መልሱን በኤፍና በጂ ፍላት ሰጠ፤ ሰውዬው ጆሮውን ይዞ ተቀመጠ። የምሽቱ፣ ይቅርታ፣ የቀኑ ምርጥ ቦታ ይህ ነበር።

ጥር 27

ሂሳብ ሠራን። ነዳጅ፣ ላስቲክ፣ ባጃጅ፣ አዳራሽ። የጋሼ ክፍያ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቷል። የተረፈው ለማራኪ መጓጓዣ ይበቃል፤ ለእኛ አይተርፍም።

የተቀረጸውን ስናይ ድራመሩ የሚለጥፈውን መረጠ። የራሱን ብቻውን የመታበትን ይመርጣል ብዬ ነበር። የጎልማሳውን ግጥም መረጠ። «እኛን የሰደበን ነው እኮ» አለችው ዘፋኟ። «ታዲያስ? እሱ ላይ ነው የመጣው ሰው ያለው» አላት። ለጠፍነው። ከሥሩ የማራኪውን ቀንና ሰዓት ብቻ ጻፍን። ጽሑፉን ድራመሩ አንድ ቃል ልጨምር ብሎ ለመነኝ፤ «ታላቅ» የምትለዋን። እምቢ አልኩ። በሌላ በኩል እሱ የጠየቀውን የቴሌግራም አድራሻ ከስሞቹ ዝርዝር ሥር ለማውጣት ተስማምቻለሁ። አድራሻ መረጃ ነው።

ለማራኪ የቀረን ሥራ ይህ ነው። የማሲንቆው ፒክአፕ በላብ እየለቀቀ ነው፤ ሌላ ማጣበቂያ ይፈለግ። ስኔሩ አጠገብ ያለው ማይክ ይራቅ። የ«ተቀበል» ጽሑፍ ፊደሉ ይተልቅ፤ ከኋላ የነበሩት አላነበቡትም። የማራኪው አዳራሽ መስኮቶች ከጣሪያው ሥር ናቸው፤ ላስቲኩን ለመስቀል ረጅም መሰላል ያስፈልጋል። ቤዚስቱ መሰላል ያለው አጎት አለኝ ብሏል። የአጎቱን ስም ከመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ከእማማ ቀጥዬ አስገብቼዋለሁ።